ጆን ሐንተር

ጆን ሐንተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1728 ዓ.ም. በስኮትላንድ ተወለደ። በሎንዶን ከተማም ስመ ጥር ሐኪም ሆነ፤ ነገር ግን ቍጡ ሰው ነበረ። በ1773 ዓ.ም. ደረትን የሚያስጨንቅ ሕመም ያዘው፤ በተቈጣም ጊዜ ሕመሙ ይነሣበት ነበረ። ሕይወቱ በሚያስቈጣው ሰው እጅ እንዳለች ራሱ ይናገር ነበረ።

ደቀ መዝሙሩ ኤድዋርድ ጄነር፣ ኋላ የፈንጣጣን ክትባት ያስገኘው፣ በእንዲህ ያለ ሕመም የሞተ የሌላ ሰው ልብ ሲመረምር ቢላዋው ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ከጣራው ኖራ የወደቀ መስሎት ቀና ብሎ ተመለከተ፤ ነገር ግን ለልብ ደም የሚያደርሰው የደም ሥር እንደ አጥንት ደድሮ ነበረ። መምህሩም በዚሁ ሕመም እንደ ተያዘ ዐውቆ፣ እንዳያስደነግጠው ነገሩን ሳያሳትም ዝም አለ። ይህ ዝምታ ከፍቅር የመጣ ነው።

በ1793 ዓ.ም. ሐንተር በሐኪም ቤቱ ጉባኤ ሲከራከር ተቈጣ፤ ወደ ሌላ ክፍል ወጥቶም ወዲያው ሞተ። ሬሳው በተመረመረ ጊዜ የልቡ የደም ሥሮች ጄነር እንደ ፈራው ደድረው ተገኙ።