ጆሴፍ ዊትወርዝና ስም የሌለው ብሎን

ከ1840 በፊት በእንግሊዝ አገር የአንድ የእንፋሎት ሞተር ብሎን ቢሰበር ወይም ቢጠፋ፣ ምትኩ የሚገኘው ሞተሩን ከሠራው ወርክሾፕ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እያንዳንዱ ወርክሾፕ የብሎኑን ጥርስ የሚያወጣው በራሱ መሣሪያና በራሱ ልማድ ስለነበር፣ ውፍረታቸው አንድ የሆነ ሁለት ብሎኖች በጥርሳቸው ርቀት፣ ጥልቀትና ማዕዘን ይለያያሉ። እንዲያውም በአንዳንድ ሥራ ቤቶች አንድ ብሎን የሚስማማው ከገዛ ዳዶው ጋር ብቻ በመሆኑ፣ ሲፈታ እንዳይለዋወጥ በሁለቱም ላይ ምልክት ይደረግ ነበር። ሠሪው የሞተበት ወይም ወርክሾፑ የተዘጋበት ባለንብረት የተሰበረውን ብሎን በኪሱ ይዞ ከከተማ ከተማ ቢዞር እንኳ ዕቃውን የሚጠይቅበት ስም አልነበረውም። የነበረው ምርጫ እንደ ናሙናው አዲስ ማስቀረጽ ነው፤ ይህም ማሽኑ ቆሞ የሚውልበት ጊዜ ሲታሰብ ከብሎኑ ዋጋ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ኪሳራ ነበር።

ለብሎን ስም ያወጣለት ሰው ጆሴፍ ዊትወርዝ ይባላል። ስሙ በመማሪያ መጻሕፍትና በጥርስ ሠንጠረዦች ራስጌ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የሕይወቱ ታሪክ ግን ከሠንጠረዡ ያነሰ ይታወቃል።

ዊትወርዝ ታኅሣሥ 21 ቀን 1803 በስቶክፖርት ከተማ ተወለደ። አባቱ አስተማሪ የነበረ ሲሆን በኋላ ሰባኪ ሆኗል። ልጁ እናቱን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። ትምህርቱን በአሥራ አራት ዓመቱ ገደማ አቋርጦ በደርቢሸር ወደሚገኘው አጎቱ የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ተላከ፤ የዘመዶቹም አሳብ የፋብሪካው ሥራ አመራር ሠልጥኖ የንግዱ ተካፋይ እንዲሆን ነበር። ወጣቱ ግን ዓይኑ ያረፈው በሒሳብ መዝገቡ ላይ ሳይሆን በመፍተያ ማሽኖቹ ላይ ነው። ማሽኖቹ የተሠሩበት አኳኋን ሻካራና ግምታዊ መሆኑን ተመልክቶ፣ የተዘጋጀለትን ኑሮ ትቶ ወደ ማንችስተር በመሄድ ተራ መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ።

በ1825 ፋኒ አንከርስ የምትባል ሴት አግብቶ ወደ ለንደን አቀና። በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ከሄንሪ ሞድስሌ ወርክሾፕ የተሻለ የመካኒክ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሞድስሌ ጥርስ በእጅ ሳይሆን በቶርኖ፣ በመሪ ዘንግና በማርሽ እየተመራ የሚወጣበትን አሠራር ያዳበረ፣ የሠራተኞቹን መለኪያ ሁሉ በራሱ ማይክሮሜትር የሚፈትን ሰው ነበር። ዊትወርዝ ከእሱ ዘንድ ከወጣ በኋላ ከሆልትዛፕፈል፣ ቀጥሎም ከጆሴፍ ክሌመንት ጋር ሠራ። ክሌመንት የቻርልስ ባቤጅን የሒሳብ ማሽን ይሠራ የነበረው ባለሙያ ነው፤ በራሱ ወርክሾፕ ውስጥም የብሎን ጥርስን ወደ አንድ ሥርዓት ለማምጣት ይጥር ነበር። ስለዚህ የኋለኛው የዊትወርዝ ሥራ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ሞድስሌና ክሌመንት አንድን ወርክሾፕ ከራሱ ጋር አስማምተዋል፤ ወርክሾፕን ከወርክሾፕ ማስማማት ግን ገና አልተሞከረም ነበር።

በለንደን ሳለ አእምሮውን የያዘው ጉዳይ ጠፍጣፋ ገጽ ነው። ሁለት የብረት ገጾች እርስ በርሳቸው ተላክከው ቢገጥሙ ጠፍጣፋ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ ጎድጓዳ ሌላው ጉብ ያለ ሆኖ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስት ገጾች ተፈራርቀው ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲገጥሙ ግን፣ ሦስቱም ጠፍጣፋ ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም። ዊትወርዝ ገጾቹን በሻካራ ዱቄት መፈግፈግን ትቶ፣ ቀለም እየቀቡ ከፍ ያለውን ቦታ ለይቶ በስለታም መፋቂያ መፋቅን መረጠ። ይህን ዘዴ በ1840 በግላስጎው በተደረገ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ አቀረበ። የዘዴው ጥንስስ ከሞድስሌ ወርክሾፕ ምን ያህል እንደመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ለሕዝብ አስረድቶ ያስፋፋው ግን ዊትወርዝ ለመሆኑ ክርክር የለም።

በ1833 ወደ ማንችስተር ተመልሶ የእንፋሎት ኃይል ያለው ክፍል ተከራየና የራሱን የመሣሪያ ሥራ ጀመረ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1841፣ በለንደን ለሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ስለ ወጥ የብሎን ጥርስ ሥርዓት ጽሑፍ አቀረበ። አቀራረቡ ከውጤቱ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ነው። ዊትወርዝ ከሁሉ የሚሻለውን ጥርስ በስሌት ለማግኘት አልተነሣም። በእንግሊዝ አገር ከሚገኙ ዋና ዋና ወርክሾፖች ብሎኖችን ሰበሰበ፤ በያንዳንዱ ውፍረት በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ፣ የጥርሱም ማዕዘን ስንት እንደሆነ ለካ፤ ከዚያም አማካዩን ወሰደ። ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ሆነ። የጥርሱ ጫፍና ሥር ሹል እንዳይሆን ከላይና ከታች አንድ ስድስተኛው ክብ እንዲሆን ተደረገ። ለሩብ ኢንች ብሎን በኢንች 20 ጥርስ፣ ለግማሽ ኢንች 12፣ ለአንድ ኢንች 8 ተመደበ።

ሠንጠረዡን ዛሬ የሚመለከት መሐንዲስ ቁጥሮቹ በአንድ ቀመር ያልተገዙ መሆናቸውን አይቶ ቅር ሊለው ይችላል። ይሁን እንጂ የሠንጠረዡ ብርታት እዚያው ላይ ነው። አማካይ በመሆኑ የማንም ወርክሾፕ አሸናፊ፣ የማንም ወርክሾፕ ተሸናፊ አልሆነም፤ እያንዳንዱ ባለወርክሾፕ ከልማዱ የሚለቀው ጥቂት ብቻ ነበር። በሌላ በኩል ዊትወርዝ ለሕዝብ ጥቅም ብቻ የሚደክም ባሕታዊ እንዳልነበረ መታወስ አለበት። የጥርስ ማውጫ መሣሪያዎችንና መለኪያዎችን እየሠራ የሚሸጠው እሱ ራሱ ነበር። ሥርዓቱ በተስፋፋ ቁጥር ገበያውም ይሰፋል። መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ግን ሠንጠረዡ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

የባቡር ኩባንያዎች ሥርዓቱን ቀድመው ከተቀበሉት መካከል ናቸው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለትናንሽ የጦር ጀልባዎች ዘጠና ያህል የእንፋሎት ሞተሮች በአስቸኳይ ሲያስፈልጉት፣ ጆን ፔን የተባለው ሞተር ሠሪ የሞተሩን ክፍሎች ለየብቻ እያደረገ ለተለያዩ ወርክሾፖች በናሙና አከፋፈለ። ከየአቅጣጫው የመጡት ክፍሎች በዊትወርዝ ጥርስ የተሠሩ በመሆናቸው ተገጣጠሙ፤ ሥራውም በሦስት ወር ገደማ እንዳለቀ ይተረካል። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ብሎኖች አንዱ ወርክሾፕ ከሌላው ጋር የሚጣላባቸው በሆኑ ነበር።

በዚሁ ዘመን ዊትወርዝ የሠራው የመለኪያ ማሽን ሊታለፍ አይገባም። በኢንች 20 ጥርስ ያለው ዘንግ ባለ 200 ጥርስ ማርሽ ይሽከረከርበታል፤ ማርሹን የሚያዞረው ተሽከርካሪ ደግሞ በ250 እኩል ክፍሎች ተከፍሏል። ሦስቱ ሲባዙ አንድ ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ስለዚህ ተሽከርካሪው አንድ ክፍል ሲንቀሳቀስ የማሽኑ አፍ የአንድ ኢንች አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ይጠባል። ልኩ መድረሱን የሚያውቁት በዓይን ሳይሆን፣ በአፉ መካከል የተያዘች ትንሽ የብረት ቁራጭ መውደቋን ወይም ተይዛ መቅረቷን በመመልከት ነው። ብሎን ያሳወቀው ሰው ልክን የለካው በብሎን ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጦር መሣሪያ ሳበው። ባለ ስድስት ማዕዘን አፈሙዝ ያለው ጠመንጃው በ1857 ፈተና በአነጣጠር ጥራት የመንግሥቱን ጠመንጃ በሰፊው በለጠ። በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ በዊምብልደን የተኩስ ውድድር ሲከፍቱ የተኮሱት በዚሁ ጠመንጃ ነው። ጦር ሠራዊቱ ግን አልተቀበለውም። ከመድፍ ሠሪዎችና ከሹማምንት ጋር ያደረገው ረጅም ሙግት ብዙ ዕድሜውን በላበት፤ ግትርና ቁጡ መሆኑም አልረዳውም።

በ1868 በዓመት 3,000 ፓውንድ መድቦ ሠላሳ የትምህርት ድጎማዎችን አቋቋመ። አሳቡ ንድፈ አሳብ የተማረው እጁን እንዲያሠለጥን፣ የእጅ ሙያ ያለውም ንድፈ አሳብ እንዲማር ነበር። ድጎማው እስከ ዛሬ በእንግሊዝ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በኩል ይሰጣል፤ ዊትወርዝ ራሱ የዚህ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። በ1869 የባሮኔት ማዕረግ አገኘ። በ1871 ሁለተኛ ሚስት አገባ። ልጅ ግን አልወለደምና ማዕረጉ ከእሱ ጋር ቀረ። ጥር 22 ቀን 1887 በሞንቴ ካርሎ ሞተ፤ አስከሬኑም በደርቢሸር ዳርሊ ዴል ተቀበረ።

ከመሞቱ በፊት ግን በወርክሾፖች መካከል የነበረው አለመስማማት በአገሮች መካከል ሆኖ መመለስ ጀምሮ ነበር። በ1864 ዊልያም ሴለርስ በፊላዴልፊያ ሌላ ሥርዓት አቀረበ። ሴለርስ ክብ ጫፍና 55 ዲግሪ ለመሥራትም ለመለካትም ያስቸግራሉ ብሎ፣ ማዕዘኑን 60 ዲግሪ፣ ጫፉንም ጠፍጣፋ አደረገ፤ አሜሪካም ተከተለችው። የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በ1898 በዙሪክ ተሰብስበው በሚሊሜትር የተለካ ባለ 60 ዲግሪ ጥርስ ተቀበሉ።

የዚህ ዳፋ የሚገለጠው ምንጩ ያልታወቀ ብሎን በእጅ ሲገባ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ግማሽ ኢንች ብሎኖች በካሊፐር ሲለኩ እኩል ናቸው፤ ሆኖም እንግሊዙ በኢንች 12፣ አሜሪካዊው 13 ጥርስ አለው። ዳዶው መጀመሪያ በጣት ይገባል፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ይነክሳል፤ በመፍቻ ከተገፋ ጥርሱ ይበላል። የ3/8 ኢንች ብሎን በ10 ሚሊሜትር ዳዶ ውስጥ መግባቱ ከዚህ የከፋ ነው፤ ውፍረቱ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ የጥርሱ ርቀት ወደ 1.6 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ ቀጭን ዳዶ ላይ የያዘ መስሎ ሸክም ሲመጣ ይለቃል። ስለዚህ ውፍረት ብቻውን የብሎን መታወቂያ አይሆንም። ጥርሱን በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ መቁጠር፣ ከዚያም የመለኪያ ቅጠሉን በጥርሱ ላይ አስቀምጦ ወደ ብርሃን በመያዝ ማዕዘኑን መለየት ያስፈልጋል። መፍቻው ራሱ ያሳስታል፤ በጥንቱ የዊትወርዝ መፍቻ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የብሎኑ ውፍረት እንጂ የመፍቻው አፍ ስፋት አይደለም፤ የግማሽ ኢንች ብሎን መፍቻ አፉ ከ0.9 ኢንች ይበልጣል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ የእንግሊዙን የሮልስ ሮይስ መርሊን የአውሮፕላን ሞተር ሲሠራ፣ ክፍሎቹ እንግሊዝ ከተሠሩት ጋር እንዲለዋወጡ ጥርሶቹን ሁሉ በእንግሊዝ ልክ ማውጣት ነበረበት። ማውጫ መሣሪያው በአሜሪካ ገበያ ስላልተገኘ ራሱ ሠራው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ ባለ 60 ዲግሪ የጋራ ጥርስ ተቀበሉ። በ1965 የእንግሊዝ የደረጃዎች ተቋም ኢንዱስትሪው ወደ ሚሊሜትሩ ሥርዓት እንዲዛወር፣ የዊትወርዝ ብሎንም ለአዲስ ሥራ እንዳይመረጥ አሳሰበ።

ሆኖም የሥርዓቱ ርዝራዥ አልጠፋም። የፎቶግራፍ ካሜራ ከሦስት እግሩ ጋር የሚያያዝበት ቪቴ ሩብ ኢንች ወፍራም ሆኖ በኢንች 20 ጥርስ ያለው ነው፤ ይህም የ1841 ቁጥር ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚታየው በውሃ ቧንቧ ላይ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በብዙ አገሮች የሚሸጠው ባለ ጥርስ የግማሽ ኢንች ቧንቧ በውጭ ሲለካ 21 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግማሽ ኢንች የተባለው ጥንት በውስጥ ስፋቱ ስለተሰየመ ነው። ጥርሱ በኢንች 14 ሲሆን ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ የብሎኑን መታወቂያ በሚሊሜትር ሠንጠረዥ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ይህን ቧንቧ እዚያ አያገኘውም።