የማቲስ እጅ

ያለቀ ሥዕል ድካሙን ይሸሽጋል። የአንሪ ማቲስ ሥራዎች ለዚህ ዋና ምስክር ናቸው፤ መስመሩ በአንድ ትንፋሽ የተሰመረ፣ ቀለሙም ያለ ጭንቀት የተቀባ ይመስላልና። ወጣቶች ይህን ቅለት አይተው ሙያው ያለ ልፋት የሚገኝ እንዳይመስላቸው ሠዓሊው በሽምግልናው ዘመን ይሰጋ ነበር። ገላው ግን ምስጢሩን አልጠበቀለትም።

ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1869 በሰሜን ፈረንሳይ ተወለደ። ሕግ ተምሮ በጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ሲያገለግል፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው በትርፍ አንጀት ሕመም አልጋ ላይ ዋለ። እናቱ ጊዜ ማሳለፊያ እንዲሆነው የቀለም ሣጥን ሰጠችው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሕጉን ትቶ ሥዕል ለመማር ፓሪስ ገባ።

በሥራ ላይ ሳለ የተነሡት ፎቶግራፎች እንደሚያሳዩት፣ እንደ ሐኪም ነጭ ካፖርት ለብሶ ከሞዴሏ ፊት በጣም ተጠግቶ ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የሣላት የተጋደመች ሴት ሥዕል ከመጠናቀቋ በፊት 22 ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሥታለች፤ ክንዷና ጭኗ በየጊዜው ቦታ ሲለውጡ ይታያል።

ከሁሉ ይበልጥ ያጋለጠው ግን ፍራንስዋ ካምፖ እ.ኤ.አ. በ1946 የሠራው ፊልም ነው። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እጁ አንዳች አያመነታም። ፊልሙ በዝግታ ሲዞር ግን እጁ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ይቃረባል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቃጣል፣ በመጨረሻም አንዲት መስመር ያሳርፋል። ማቲስ ይህን ባየ ጊዜ በሰው ፊት ራቁቱን የቆመ ያህል ተሰማው። ቆይቶ እንዳስረዳው ግን ያ ማመንታት አልነበረም፤ እጁ ሳይታወቀው የሚሥለውን ነገር ከወረቀቱ ስፋት ጋር ያመዛዝን ነበር። ለሙያው ሰው ከኀፍረቱ ይልቅ ይህ ማብራሪያ ይበልጥ ይጠቅማል።

ፊልሙ በተነሣበት ጊዜ ያ ገላ ብዙ መከራ አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ1941 በሊዮን ከተማ ለአንጀት ካንሰር ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሞት ቢተርፍም፣ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ መቆም ተሳነው። ከአልጋው ወይም ከባለ ጎማ ወንበሩ ላይ ሆኖ መቀስ አነሣ። ረዳቶቹ ወረቀቱን በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም ይቀባሉ፤ እሱ ይቆርጣል፤ እነርሱ ደግሞ መሰላል ላይ ወጥተው በስፒል ግድግዳ ላይ ያያይዛሉ፤ እሱም ከተቀመጠበት ከፍና ዝቅ ያስደርጋል። በዚህ አሠራር መስመር ማውጣትና ቀለም መቀባት አንድ ተግባር ሆኑ። ይህን ሁሉ ሕመም ወለደው ማለት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1933 ለአሜሪካዊው ባርንስ ታላቁን የውዝዋዜ ሥዕል ሲያዘጋጅ፣ ገና መቆም ሲችል፣ የተቆረጠ ወረቀት ተጠቅሟል፤ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ከሰል አስሮም ሥሏል። የቫንስን ጸሎት ቤት ሲሠራ ያው ቀርከሃ አገለገለው።

እ.ኤ.አ. በ1952 በአንድ የሐሩር ቀን ዋናተኞችን ሊመለከት ወደ ካን ከተማ ሄዶ ሙቀቱን ስላልቻለው ወደ ኒስ ቤቱ ተመለሰ። በምግብ ክፍሉ ግድግዳ ዙሪያ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ ነጭ ወረቀት አስለጠፈ፤ ሰማያዊውን ወረቀት በመቀሱ እየቆረጠም የሚዘሉና የሚጠልቁ ገላዎችን ደረደረበት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ ለሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን የባለ ቀለም መስተዋት መስኮት ንድፍ በጨረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1954 በ84 ዓመቱ ዐረፈ።