ጃዕፈር በሐበሻ፦ ሳይመሳሰሉ መወዳጀት

 

እንደ ጥርባ፣ ዳንግላና እንጅባራ ባሉ ከተሞቻችን የምትኖሩ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሙስሊሙ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለት ቀላል መንገዶች ይታዩናል። አንዱ ከራስ ሰው ጋር ብቻ መዋል ነው፤ ሌላው ከጓደኛ ላለመለየት ብሎ ዲንን ደበቅ ማድረግ። ዛሬ ሁለቱንም ያልመረጠ አንድ ሶሐባ ላስታውሳችሁ፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ)።

ጃዕፈር የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ፣ የዐሊይ (ረ.ዐ) ታላቅ ወንድም ነው። በመልክም በጠባይም ረሱልን ይመስል ነበር። ድሃ ስለሚወድ የሚስኪኖች አባት ተብሎ ይጠራ ነበር። በመካ የተከበረ ቤትና ወገን ነበረው። የቁረይሽ ግፍ ሲበረታ ግን ከባለቤቱ ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ አገራችን መጣ። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 615 ገደማ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦቻቸውን ወደዚህ የላኩት፣ በሐበሻ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ቋንቋው ሌላ፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ ልማዱ ሌላ። ቁጥራቸው እያደገ ሄዶ ከ80 በላይ ወንዶች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር በሰው አገር እንግዳ ሆኑ።

ቁረይሾችም ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ለንጉሡና ለጳጳሳቱ የሚሆን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ላኩ። ነጃሺ ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ አልፈለገም፤ ስደተኞቹን አስጠራ። ጃዕፈር ተነሥቶ ከኢስላም በፊት ምን እንደነበሩና ረሱል ምን እንዳስተማሯቸው አስረዳ። ከቁርኣን እንዲያነብ ሲጠየቅ የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ቀራ። ልብ በሉ፤ ከቁርኣን ሁሉ የመረጠው በዚያ አዳራሽ ያሉት ሰዎች ከልባቸው የሚወዷትን እናት ታሪክ ነው። ነጃሺ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ።

ከባዱ ፈተና በማግስቱ መጣ። ዐምር ተመልሶ፣ ሙስሊሞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ቃል ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ሶሐቦች ተጨነቁ፤ ንጉሡ ከተቆጣ ለጠላት ተላልፈው ሊሰጡ ነው። ጃዕፈር ግን ትናንት የተገኘውን ፍቅር ለማትረፍ ብሎ ከእምነቱ አንዲት ቃል አልቀነሰም። ዒሳ (ዐ.ሰ) የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የተጣለ ቃሉና ከርሱ የሆነ መንፈስ መሆናቸውን ተናገረ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። ነጃሺ ግን ከመሬት አንዲት እንጨት አንሥቶ ልዩነቱ የርሷን ያህል እንኳ እንዳልሆነ ገለጸ። የቁረይሽን ስጦታ መለሰ፤ ሙስሊሞቹም በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደ።

ወዳጅነቱ በዚህ አላበቃም። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣ ጊዜ ሙስሊሞቹ ንጉሡ እንዲያሸንፍ ዱዓ አደረጉ። ከመካከላቸው ወጣቱ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በተነፋ ስልቻ ወንዝ ዋኝቶ ተሻገረና ጦርነቱን አይቶ ድሉን አበሰራቸው። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ትናንት መጠጊያ የሰጣቸው ሰው ጭንቀት ዛሬ የነርሱም ጭንቀት ሆኖ ነበር።

ጃዕፈር በዚህ ምድር ከ10 ዓመት በላይ ኖረ፤ ልጆችም ወለደ። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628) ሲመለስ ኸይበር ተከፍታ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኸይበር መከፈት ወይስ በጃዕፈር መምጣት የበለጠ እንደተደሰቱ መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ደስ አላቸው። እነ አስማእ በሂጅራ የተቀደሙ መስሏቸው ሲያዝኑም፣ ከሐበሻ በመርከብ የመጡት የሁለት ሂጅራ ባለቤቶች መሆናቸውን ነገሯቸው። በሰው አገር፣ በማይመስሏቸው ሰዎች መካከል ያሳለፉት ዘመን አላህ ዘንድ አልጠፋም።

ጃዕፈር በዓመቱ በሙእታ ዘመቻ ሁለት እጆቹን አጥቶ ሸሂድ ሆነ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነጃሺ ሲሞት ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው የጀናዛ ሰላት ሰገዱበት።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጃዕፈር መንገድ ለኛም ክፍት ነው። ከናንተ የተለየ ጓደኛ ምን እንደሚወድ እወቁ፤ ንግግራችሁን ከዚያ ጀምሩ። ስለ ዲናችሁ ሲጠይቃችሁ በአደብ እውነቱን ንገሩ እንጂ አታድበስብሱ። ማዕድ ሲቀርብ የማትበሉትን በፈገግታ ተናገሩ እንጂ ቤቱን አትሽሹ። ሐዘን ሲገባው ከጎኑ ተቀመጡ፤ ደስ ሲለው ደስ ይበላችሁ።

አላህ የጃዕፈርን ድፍረትና አደብ ይስጠን። አሚን። ዛሬ ጁሙዓ ነውና በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ።