ሁለተኛውን ቤዝ ያልረገጠው ልጅ፦ የፍሬድ መርክል የሕይወት ታሪክ

ቤዝቦል በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ስለሆነ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የዚህ አሜሪካዊ ተጫዋች ታሪክ በአብዛኛው የደንብ ታሪክ ነው። ደንቡም ተመልካቹ ቀርቶ ተጫዋቹ ራሱ እስከ ዛሬ የሚደናገርበት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሬድ መርክል ዲሴምበር 20 ቀን 1888 በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በዋተርታውን ከተማ ተወለደ። ያደገው ኦሃዮ ውስጥ በቶሊዶ ነው። በ1907 ገና በ18 ዓመቱ ኒውዮርክ ጃያንትስ ለተባለው ታላቅ ቡድን ተሰለፈ። አሠልጣኙ ጆን ማግሮው ቁጡና ኃይለኛ ሰው ነበሩ። ልጁም በ1908 አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ሆኖ ተቀምጦ ከረመ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ደንቡን እንይ። በሜዳው ላይ አራት ቤዞች አሉ። መቺው ኳሱን መትቶ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሮጣል። ሦስቱን አልፎ አራተኛው፣ ማለትም ሆም የሚባለው ዘንድ ሲደርስ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። በአንድ ቤዝ ላይ ሁለት ሯጭ መቆም ስለማይችል፣ መቺው ወደ አንደኛው ሲመጣ ቀድሞ እዚያ የነበረው ወደ ሁለተኛው መሄድ ግዴታው ነው። ታዲያ ይህ የተገደደ ሯጭ ሳይደርስ ከተከላካዮቹ አንዱ ኳሱን ይዞ ሁለተኛውን ቤዝ ከረገጠ ሯጩ ወጣ ይባላል። ሰውየውን በኳሱ መንካት እንኳ አያስፈልግም። ሦስት ሰው ሲወጣ የመምታቱ ተራ ያልቃል።

ዋናው መደናገሪያ እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ሰው የወጣው በዚህ በግዴታው መንገድ ከሆነ፣ በዚያው ምት የገባ ነጥብ አይቆጠርም፤ ነጥብ አግቢው ቀድሞ ሆም ቢደርስም እንኳ አይቆጠርም። ሦስተኛው ሰው ሳይገደድ በራሱ ፈቃድ ሲሮጥ በኳስ ተነክቶ የወጣ ከሆነ ግን፣ ከዚያ በፊት የገባው ነጥብ ይጸናል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ቀድሞ የገባ ሁሉ ተቆጠረ ይላል።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1908 ጃያንትስና ቺካጎ ከብስ ኒውዮርክ ውስጥ በፖሎ ግራውንድስ ሜዳ ተገናኙ። ሁለቱም ለሻምፒዮናው የሚፎካከሩ ነበሩ። መደበኛው የአንደኛ ቤዝ ተጫዋች ፍሬድ ቴኒ ወገቡን ስላመመው የ19 ዓመቱ መርክል ተተካ። በመጨረሻው በዘጠነኛው ዙር ውጤቱ 1 ለ 1፣ ከጃያንትስ የወጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። መርክል ጥሩ አድርጎ መታና አንደኛ ቤዝ ላይ ቆመ፤ ጓደኛው ማኮርሚክም ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ቀጥሎ ብሪድዌል መታ፣ ማኮርሚክ ሆም ገባ፣ ሕዝቡም አሸነፍን ብሎ ሜዳውን አጥለቀለቀው። መርክል ነጥቡ መግባቱን ሲያይ ሁለተኛውን ቤዝ ሳይረግጥ ታጥፎ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሮጠ።

ይህን ያደረገው እሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የማሸነፊያው ነጥብ ከገባ በኋላ የቀሩት ሯጮች ትተው መሄዳቸው የተለመደ ነበር። የቺካጎው ጆኒ ኤቨርስ ግን የደንብ መጽሐፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተጫዋች ነበርና ኳሱን አምጡ ብሎ ጮኸ። ከጃያንትስ አንዱ ኳሱን ነጥቆ ሕዝቡ መሐል እንደወረወረው ይነገራል። ኤቨርስ በመጨረሻ ይዞ ቤዙን የረገጠው ኳስ ያው የተመታው ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዳኛው ሃንክ ኦዴይ መርክል ወጥቷል፣ ነጥቡም አይቆጠርም ብለው ፈረዱ። ሕዝቡ ሜዳውን ስለሞላውና ስለመሸም ጨዋታው በእኩል ውጤት ተመዘገበ።

ነገሩን የሚያመርረው ይህ ነው፤ ከ19 ቀን በፊት ፒትስበርግ ላይ አንድ ሌላ ተጫዋች ልክ እንዲሁ አድርጎ ኤቨርስ አቤት ብሎ ነበር። ዳኛው እኚሁ ኦዴይ ነበሩ፤ አላየሁም ብለው ነጥቡን አጸደቁት። እንደኔ አስተያየት በመርክል ላይ የተሰጠው ፍርድ በመጽሐፉ መሠረት ትክክል ነው። ግን መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ አርፋጅን ዝም ብሎ ሲያስገባ የቆየ መምህር አንድ ቀን ድንገት ተነሥቶ የመጀመሪያውን ልጅ ቢያባርረው፣ ልጁ ምን ይሰማዋል?

ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች እኩል 98 ጊዜ አሸንፈው 55 ጊዜ ተሸንፈው ተገኙ። ስለዚህ ኦክቶበር 8 ቀን ጨዋታው ተደገመና ቺካጎ 4 ለ 2 አሸነፈ። የዓለም ዋንጫ የሚሉትንም ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ እንደገና ያገኘው በ2016 ነው!

ጥፋቱ ሁሉ በልጁ ላይ ተደፈደፈ። ጋዜጦቹ ድንጋይ ራስ እንደማለት ያለ ቅጽል ስም አወጡለት፤ በየሜዳውም ተመልካች በዚሁ ስም ይጮኽበት ጀመር። ቁጡው ማግሮው ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱትም፤ ይልቁንም ደመወዙን ጨመሩለት። አብረውት የተጫወቱትም ከቡድኑ ብልሆች አንዱ እንደሆነ መስክረውለታል።

መርክል ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫወተ፤ በጠቅላላው 16 የውድድር ዘመን ተሰልፏል። በ1911፣ በ1912፣ በ1913፣ በ1916 እና በ1918 በሦስት የተለያዩ ቡድኖች ለዋንጫው ደርሶ አምስቱንም ጊዜ ቡድኑ ተሸነፈ። ዕድል የሚሉት ነገር እንዲህ ነው እንግዲህ። በ1926 ከትልቁ ሊግ ተሰናብቶ ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና ቢች ተቀመጠ፤ ያ ስም እዚያም ተከትሎት ስለነበር ለረጅም ዓመታት ከቤዝቦል ሰዎች ራቀ።

በ1950 ለቀድሞ ተጫዋቾች ክብር በተዘጋጀ ቀን ለምነውት ወደ ፖሎ ግራውንድስ ተመለሰ። ዕድሜው 61 ነበር። ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ በሞቀ ጭብጨባ ተቀበለው። ማርች 2 ቀን 1956 በ67 ዓመቱ ዴይቶና ቢች ላይ አረፈ።