ቅዱስ አውጉስጢኖስና የጥምቀት ጸጋ

እምነት፣ ጥምቀትና መንፈስ ቅዱስ በመዳናችን ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ለመረዳት የቅዱስ አውጉስጢኖስን ሕይወት መመልከት ይጠቅመናል።

አውጉስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ354 በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬይቱ አልጄሪያ በምትገኘው በታጋስቴ ተወለደ። እናቱ ቅድስት ሞኒካ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከንዑሰ ክርስቲያን ወገን ብታስቆጥረውም ጥምቀቱ ዘገየ። በልጅነቱ በጽኑ ታሞ ለመጠመቅ ለመነ፤ ሲሻለው ግን ነገሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በዚያ ዘመን ብዙዎች ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት ይከብዳል በማለት ምሥጢሩን ያዘገዩ ነበር።

በወጣትነቱም የማኒን ትምህርት ተከትሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በዚህ ጊዜ አንድ የልብ ወዳጁ በትኩሳት ታሞ ራሱን ስቶ ሳለ ተጠመቀ። ሲነቃ አውጉስጢኖስ በጥምቀቱ ሊያሾፍ ሞከረ፤ ወዳጁ ግን ወዳጅነታቸው እንዲጸና ከፈለገ እንዲህ ያለውን ንግግር እንዲተው አጥብቆ ገሠጸው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ዐረፈ። ያ ሰው ሳያውቅ የተቀበለውን ጸጋ ባወቀ ጊዜ በእምነት አጸናው፤ ፌዘኛው ግን ገና ብዙ ዓመታት ተንከራተተ።

አውጉስጢኖስ በ384 ወደ ሚላኖ ሄዶ የንግግር ጥበብ መምህር ሆነ። የጳጳሱን የቅዱስ አምብሮዝዮስን ስብከት ሲሰማ አእምሮው ተከፈተ፤ በ386 የቅዱስ ጳውሎስን መልእክት ሲያነብ ልቡ ተመለሰ። ሆኖም አምኛለሁና ይበቃኛል አላለም። ጊዜው ሲደርስ ስሙን ከተጠማቂዎች ጋር አስመዝግቦ፣ በ387 በፋሲካ ሌሊት ከልጁ ከአዴዎዳቱስና ከወዳጁ ከአሊፕዮስ ጋር በአምብሮዝዮስ እጅ ተጠመቀ።

በ391 በሂፖ ካህን፣ ኋላም ጳጳስ ሆነ። በዚያ ዶናጢሳውያን የተባሉት ወገኖች፣ በስደት ጊዜ ከካዱ ጳጳሳት ጋር ኅብረት ያለው ጥምቀት ዋጋ የለውም በማለት ምእመናንን ዳግመኛ ያጠምቁ ነበር። አውጉስጢኖስ በ400 ገደማ ስለ ጥምቀት በጻፋቸው ሰባት መጻሕፍት፣ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ስለ ሆነ ጥምቀት እንደማይደገም አስተማረ። ነገር ግን ከፍቅርና ከአንድነት የተለየ ሰው የተቀበለው ምሥጢር ለመዳን አይረባውም፤ ይህን ፍቅር በልብ የሚያፈስ መንፈስ ቅዱስ ነውና። በክርስቶስ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ በማስታወስም፣ መጠመቅ ለማይችል ሰው እምነትና የልብ መመለስ ጉድለቱን እንደሚሞሉለት፣ በሕፃናት ዘንድ ደግሞ ምሥጢሩ እንደሚቀድምና የልብ መመለስ እንደሚከተል አስረዳ። ኋላም ከጴላግዮስ ትምህርት ጋር በተነሣው ክርክር፣ እምነት ራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን መሰከረ።

ቫንዳሎች ሂፖን ከበው ሳሉ፣ በአልጋው አጠገብ በግድግዳ ላይ የተለጠፉለትን የንስሐ መዝሙሮች እያነበበ ኦገስት 28 ቀን 430 ዐረፈ። ከተጠመቀ ከአርባ ዓመት በላይ ቢሆነውም ንስሐን አልተወም።

እንግዲህ ልጆቻችንን ስናስጠምቅ፣ የተቀበሉትን ጸጋ አውቀው እንዲያጸኑት የማስተማር ዕዳ እንዳለብን እናስብ። ለመጠመቅ የሚዘጋጁትንም በትዕግሥት እንምራቸው። እኛም የተጠመቅን በወንድማማች ፍቅር እንኑር፤ ያለዚህ ፍቅር የጥምቀታችን ፍሬ አይገኝብንምና።