ዶክተር ኒልስ ፊንሰን፦ ብርሃንን በልክ ለሕክምና ያዋሉ ሐኪም

በላይ አርማጭሆ ወረዳ በትክል ድንጋይ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ደጋማ ቀበሌዎች አረጋውያን በብርዳማ ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ ማየት የተለመደ ነው። በሌላ በኩል በዕድሜ ምክንያት የሳሳ ጡንቻን በብርሃን ለማገዝ በተለያዩ ሀገራት ምርምር በመካሄድ ላይ ይገኛል። ብርሃን ያክማል የሚለው ሐሳብ በዘመናዊ ሕክምና ሥር የሰደደው ራሳቸው የጤና እክል በነበረባቸው አንድ ሐኪም ጥረት ነው።

ዶክተር ኒልስ ፊንሰን እ.ኤ.አ. በ1860 በፋሮ ደሴቶች በቶርስሃቭን ከተማ ከአይስላንዳዊ ቤተሰብ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሬይኪያቪክ ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1890 በኮፐንሃገን በሕክምና ተመረቁ። ገና በወጣትነታቸው ጉበታቸውንና ልባቸውን ቀስ በቀስ የሚያዳክም ሕመም ያዛቸው። ፀሐይ በማይገባበት ቤት ይኖሩ ስለነበር ዘወትር ድካም ይሰማቸው ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኙ ግን ይሻላቸው ነበር። ይህን የግል ልምዳቸውን እንደ ማስረጃ ሳይቆጥሩ በሙከራ ሊፈትሹት ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1893 የማስተማር ሥራቸውን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለብርሃን ምርምር ሰጡ።

በዘመኑ የቆዳ ቲቢ የብዙዎችን ፊት ያበላሽ፣ ሕሙማኑንም ከሰው ይነጥል ነበር። ዶክተር ፊንሰን ከኤሌክትሪክ መብራት የሚወጣውን ብርሃን ከኳርትዝ በተሠራ ሌንስ አሰባስበው፣ ሙቀቱን በውሃ አቀዝቅዘው በቁስሉ ላይ አሳረፉት። ደም ብርሃኑን ስለሚያግድም ቆዳው እንዲጫን ያደርጉ ነበር። ሕክምናው በየዕለቱ ለረጅም ደቂቃዎች፣ ለወራት የሚዘልቅ ሲሆን ብዙ ሕሙማን ፈውስ አግኝተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1896 በኮፐንሃገን የብርሃን ሕክምና ተቋም ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ደግሞ የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጣቸው።

የተሳሳቱበትም ጊዜ ነበር። የፈንጣጣ ሕሙማን በቀይ መጋረጃ በተሸፈነ ክፍል ቢቀመጡ ጠባሳቸው ይቀንሳል የሚለው ሐሳባቸው በኋላ ተቀባይነት አላገኘም። ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1980 የታወጀው በክትባት ዘመቻ ምክንያት ነው። ይህም የታላቅ ሐኪም ሐሳብ እንኳ ሳይፈተን ሊወሰድ እንደማይገባ ያስተምራል።

ዶክተር ፊንሰን በመጨረሻ ዓመታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ብርሃን ብዙዎችን ቢጠቅምም የእርሳቸውን ሕመም ሊፈውስ አልቻለም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 በ43 ዓመታቸው አረፉ።

ከእርሳቸው ሞት ከ60 ዓመታት በኋላ ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ደካማ የሌዘር ብርሃን የእንስሳትን ፀጉር እድገትና የቁስል መዳን እንደሚያፋጥን ተመለከቱ። በአሁኑ ወቅት ለጡንቻ የሚሞከረው ቀይና ከቀይ ቀጥሎ ያለው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። ተመራማሪዎች ይህ ብርሃን በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል እንደሚያነቃቃ ይገምታሉ። አንዳንድ ጥናቶች ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሰጥ የጡንቻ ድካምን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ በአረጋውያን ላይ የተገኘው ውጤት ግን አንድ ወጥ አይደለም። የሚበጀው የብርሃን መጠንም ገና አልተወሰነም።

የጠዋት ፀሐይ መሞቅ የራሱ ጥቅም ቢኖረውም ከዚህ ሕክምና ጋር አንድ አይደለም። የሳሳ ጡንቻን ለማጠንከር የተረጋገጠው መንገድ እንቅስቃሴና በቂ ምግብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አረጋውያን ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ምስር መመገብ በየቤቱ የሚቻል ነው።

ስለሆነም ቤተሰብ ለአረጋውያን የብርሃን መሣሪያ ከመግዛቱ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። በተለይም የዓይን ሕመም ያለባቸው፣ የካንሰር ታካሚዎችና ቆዳን ለብርሃን ስሱ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። ድንገት እግር የከዳው ወይም ደጋግሞ የሚወድቅ አረጋዊ ካለም የእርጅና ነው ብሎ ከመተው ይልቅ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መውሰድ ተገቢ ነው። ከዶክተር ፊንሰን ሕይወት የምንወርሰው ቁም ነገር ተስፋን ከማስረጃ ጋር አጣምሮ መያዝን ነው።