ተፈታኝ ቁጥር 233

እ.ኤ.አ. በ1897 የሰኔ ወር መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለራድክሊፍ ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና ይሰጥ ነበር። ራድክሊፍ ሃርቫርድ ሴቶችን በማይቀበልበት ዘመን ለሴቶች የተከፈተ እህት ኮሌጁ ነበር። አራሚዎች የማንን ወረቀት እንደሚያርሙ እንዳያውቁ ተፈታኞች በስም ሳይሆን በቁጥር ነበር የሚቀርቡት። የአንዲት ገና 17 ዓመት የሞላት ልጅ ቁጥር 233 ነበር። ቁጥሩ ግን አልሸሸጋትም። መልሷን በጽሕፈት መኪና የምትጽፈው እሷ ስለነበረች ወረቀቷ ከሩቅ ይታወቃል።

የመኪናው ድምፅ ሌሎቹን እንዳይረብሽ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። ጥያቄዎቹን የትምህርት ቤቷ ኃላፊ አርተር ጊልማን በጣት ፊደል መዳፏ ላይ ይጽፉላታል፤ እሷም በትክክል መረዳቷን ለማረጋገጥ ቃሉን በአፏ ትደግመዋለች። ለብቻ የተሰጠ ክፍል፣ ጥያቄ የሚያነብ ሰው፣ መልስ የሚጻፍበት መኪና፦ እኛ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲያችን ሃትአሞት የምንለው ይኸው ነው። ልጅቷ ሁሉንም ፈተና አለፈች፤ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛም ማዕረግ አገኘች።

ይህች ልጅ ሔለን ኬለር ናት። ሰኔ 27 ቀን 1880 በአላባማ ግዛት ቱስካምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። በ19 ወሯ ያገኛት ሕመም ማየትንም መስማትንም ወሰደባት። ወላጆቿ በየሐኪሙ ከዞሩ በኋላ የስልክ ፈልሳፊ ወደሆነው ወደ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ወሰዷት። ቤል መስማት የተሳናቸውን በማስተማር የታወቀ ሰው ነበርና በዚያ ጊዜ በቦስተን ወደነበረው ፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መራቸው። መጋቢት 3 ቀን 1887 ከዚያ የተላከች የ20 ዓመት አስተማሪ ደረሰች። ስሟ አን ሳሊቫን ነው።

አን የድኻ ልጅ ነበረች፤ ያደገችው በድኾች መጠለያ ነው። በልጅነቷ ዓይኗን የጎዳት ወላጆቻችን በአገር ቤት በደንብ የሚያውቁት ትራኮማ ነበር። በቀዶ ሕክምና ከፊል ብርሃኗ ቢመለስላትም ዓይኗ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳስቸገራት ኖረ። ይህን አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የውኃውን ታሪክ ብዙዎቻችን በፊልም አይተነዋል። አን አንዱን የሔለንን እጅ ከሚወርደው ውኃ ሥር አድርጋ በሌላው እጇ ላይ ውኃ የሚለውን ቃል ስትጽፍላት፣ የሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ እያንዳንዱ ነገር ስም እንዳለው ገባት። ፊልሞቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ለእኛ ለተማሪዎች ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በ1896 ሔለን ለራድክሊፍ የሚያዘጋጀው የጊልማን ትምህርት ቤት ገባች። አን በየክፍሉ አጠገቧ ተቀምጣ መምህራኑ የሚናገሩትን መዳፏ ላይ ትጽፍላታለች። ከመምህራኑ የጣት ፊደል የሚያውቁት ጊልማንና የጀርመንኛ አስተማሪዋ ብቻ ነበሩ። ትልቁ ፈተና ሒሳብ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘንና ክብ ሲሥል ለእሷ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ቀጥ ያሉና የጎበጡ ሽቦዎችን ትራስ ላይ እየሰካች ቅርጹን በጣቷ ታጠናው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጊልማን ልጅቷ ከአቅሟ በላይ እየሠራች ነው ብለው ትምህርቷን ለማዘግየት ወሰኑ፤ አን አልተስማማችም። እናቷ ከትምህርት ቤቱ አስወጧትና ኪት በሚባል መምህር በግል ተማረች።

የመጨረሻው የመግቢያ ፈተና በ1899 ነበር። ኮሌጁ በዚህ ጊዜ አን ጥያቄ እንዳታነብላት ከለከለ። ከፐርኪንስ ትምህርት ቤት ቫይኒንግ የሚባል መምህር ጥያቄዎቹን በአሜሪካን ብሬል እንዲገለብጥላት ተቀጠረ። ሲታይ የሚረዳ ነገር ይመስላል። ችግሩ በዚያ ዘመን ዓይነ ስውራን የሚያነቡት ፊደል አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ የእንግሊዙ ብሬል፣ የአሜሪካው ብሬልና የኒውዮርክ ነጥብ የሚባለው የተለያዩ ነበሩ። ሔለን ሦስቱንም ታነባለች፤ የአልጀብራ ምልክቶችን ግን የተማረችው በእንግሊዙ ብቻ ነው። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ቫይኒንግ ያለፈ የአልጀብራ ፈተና በብሬል ገልብጦ ላከላት። ስትዳስሰው ምልክቶቹን አታውቃቸውም። ወዲያው ደብዳቤ ጻፈችለት፤ በመልሱ የምልክቶቹን ሰንጠረዥ ላከላት። በፈተናው ዋዜማ ሌሊት እኩልታ ስትፈታ የቅንፍና የሥር ምልክትን መለየት አስቸገራት። በፈተናው ቀን ደግሞ ቫይኒንግ የጣት ፊደል አያውቅም፤ የሚግባቡት እሱ በብሬል በሚጽፍላት ብቻ ነበር።

አለፈች። ግን እንበል፦ ባትወድቅም ልትወድቅ ትችል ነበር፤ ብትወድቅ ኖሮም ሰዎች አልጀብራ አትችልም ይሉ ነበር እንጂ ወረቀቱ በማታውቀው ምልክት ቀረበላት አይሉም። እኛን ከዚህ ሁሉ የነካን ይህ ነው። ከመካከላችን ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት የሚገባው፣ ጽሑፉ በትልቁ ሊታተምለት ወይም ሊነበብለት የሚገባ፣ ነገር ግን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ዝም የሚል አለ። ዕብራይስጡ ከብዶት ይሆናል ተብሎ የሚታለፍም አለ። በአገር ቤት አካሉ የተጎዳን ልጅ ከእንግዳ ፊት የማራቅ ልማድ እንደነበር ወላጆቻችን ያውቃሉ፤ ያ ልማድ በአውሮፕላን አብሮን የመጣ ይመስለናል።

ሔለን ግን ጠየቀች። በግንቦት 1900 ለራድክሊፍ የአካዳሚ ቦርድ ደብዳቤ ጻፈች። እንቅፋቱ ትልቅ መሆኑን ራሷ ዘርዝራ፣ መደበኛውን ትምህርት መከታተል ትችል እንደሆነ እንዲያስታውቋት ጠየቀች። በዚያው ዓመት መኸር ገባች። ለወጪዋ የረዳት ሮጀርስ የሚባል የነዳጅ ከበርቴ ነው፤ ጉዳዩን ለከበርቴው ያደረሰው ጸሐፊው ማርክ ትዌይን ነበር።

ኮሌጁ በሩን ከፈተ እንጂ ሌላ ብዙም አላደረገም። በትምህርት ሰዓት እጇ በማዳመጥ ሥራ ላይ ስለሆነ ማስታወሻ መያዝ አትችልም፤ የያዘችውን ይዛ ቤት ስትገባ ነው የምትጽፈው። ከሚያስፈልጓት መጻሕፍት በብሬል የነበሩት ጥቂት ናቸው። የቀሩትን አን ገጽ በገጽ አንብባ መዳፏ ላይ ጻፈችላት። ዓይኗ የታመመው አን ማለታችን ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ። በዚህ መካከል ሔለን የሕይወት ታሪኳን ጽፋ በ1903 አሳተመች።

ሰኔ 28 ቀን 1904 በማዕረግ ተመረቀች። ማየትም መስማትም የተሳነው ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ ሲያገኝ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ከአን እጅ ያላለፈ ትምህርት አልነበረም፤ ዲግሪ ግን ለአን አልተሰጣትም። በኩፓት ሆሊምና በየቢሮው ለእናት ለአባቱ ሲያስተረጉም ያደገ ልጅ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ በፋይሉ ላይ ያስተርጓሚው ስም አይጻፍም።

ከዚያ በኋላ የሔለን ሕይወት ረጅም ነው። ሶሻሊስት ሆነች፣ ለሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ተከራከረች፣ ገንዘብ ሲያጥር ከአን ጋር በቲያትር መድረክ ሠራች። ከ1924 ጀምሮ ለአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን ሠርታለች። የብሬል ዓይነቶች መብዛት ያስቸገራት እሷ አንድ ወጥ ፊደል እንዲኖር ከተከራከሩት አንዷ ነበረች፤ በ1932 የአሜሪካና የእንግሊዝ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ወጥ ብሬል ስምምነት ተደረሰበት። በዚያው ዓመት ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ለአን የክብር ዲግሪ ሰጣት። ራድክሊፍ ከዘጋው በር 28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አን በ1936 አረፈች።

በ1952 ሔለን ወደ እስራኤል መጣች፤ አገሪቱ ገና 4 ዓመቷ ነበር። ዛሬ በቴል አቪቭ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር የሚገኝበት ቤት በስሟ ቤት ሔለን ኬለር ይባላል። በ1955 ሃርቫርድ የክብር ዲግሪ ሰጣት፤ ከዚያ በፊት ለሴት ሰጥቶ አያውቅም ነበር።

ሰኔ 1 ቀን 1968፣ 88 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት አረፈች። አመዷ ያረፈው በዋሽንግተን ካቴድራል፣ ከአን ሳሊቫን አጠገብ ነው።